ወረርሽኝ ሲገባ የካንሰር ሕክምና እንዳይቋረጥ፦ ለታካሚና ለአስታማሚ ዝርዝር መመሪያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ እናቴ ሦስተኛውን ዙር ኬሞቴራፒ ለመውሰድ አምስት ቀን ቀርቷት ነበር። ያን ምሽት ቤታችን የነበረው ዘመድ ሁሉ በአንድ ቃል ተናገረ፦ «አሁን ሆስፒታል መሄድ በሽታ ገዝቶ መመለስ ነው፤ ይህ መዓት እስኪያልፍ ትቅር።» እኔም እሺ አልኩ። ቀጠሮው አለፈ፤ ከዚያም ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ። በሩን የዘጋብን አልነበረም፣ ሐኪሟም አትምጡ አላለንም። ፈርተን ቀረን። በስድስተኛው ሳምንት ስንመለስ ሐኪሙ አልተቆጣም። ካርዷን ገልጦ ቀኖቹን በጣቱ ቆጠረ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «እንቀጥል» አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ከዚህ በታች ያለው እኛ ዘግይተን የተማርነው ነው። ኮቪድ ይሁን ኢንፍሉዌንዛ ወይም ነገ የሚመጣ ሌላ ወረርሽኝ፣ መንገዱ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የታካሚውን ሁኔታ የሚያውቀው የራሱ ሐኪም ስለሆነ እዚህ ያነበባችሁት ከእርሱ ቃል ጋር ከተጋጨ የእርሱን ያዙ።

ደረጃ 1፦ ሳትደውሉ ቀጠሮ አትቅሩ

የካንሰር ሕክምና በወረርሽኝ ጊዜ ሊዘገይ ይችላል። አንዳንዴም ማዘግየቱ ትክክል ነው። ጥያቄው ማን ይወስናል ነው። ሐኪም መዝኖ ሲያዘገየው ሕክምና ነው፤ ቤተሰብ በፍርሃት ሲያዘገየው ማቋረጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ቢኤምጄ በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ትንታኔ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ታካሚዎችን የያዙ 34 ጥናቶችን አጣምሮ ተመልክቷል። የካንሰር ቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት ዕድል ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። ለአንዳንድ የኬሞቴራፒና የጨረር ዓይነቶች ጭማሪው ከዚህም ይበልጣል። ቁጥሩ የሚለካው በወር ነው። ዘመዶቻችን ደግሞ «እስኪያልፍ» ሲሉ ልኩን አያውቁም፤ ኮቪድ የዓለም የጤና ስጋት ተብሎ ከታወጀበት እስከተነሣበት ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሐኪሞች በዚያ ወቅት ታካሚዎቻቸውን በሦስት ረድፍ ይከፍሉ ነበር። በመጀመሪያው ረድፍ ቀን የማይሰጣቸው አሉ፦ ድንገተኛ የደም ካንሰር፣ በፍጥነት የሚያድግ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር)፣ ዕጢ ሕብለ ሰረሰርን ወይም አንጀትን የጨቆነባቸው። በሁለተኛው ለጥቂት ሳምንታት ሊታገሡ የሚችሉ አሉ። በሦስተኛው ለወራት ቢቆዩ የማይጎዱ፣ ለምሳሌ በጣም ዝግ ብሎ የሚያድግ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ለሆርሞን መልስ በሚሰጥ የጡት ካንሰር ላይ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ታሞክሲፌንን የመሰለ እንክብል ተሰጥቷቸው የጠበቁ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ቀጠሮዋ ተራዘመ ማለት የእናንተም ይራዘማል ማለት አይደለም።

ሐኪሙን ወይም የክፍሉን ነርስ በስልክ ስታገኙ እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት፦

– እኔ በየትኛው ረድፍ ነኝ? ስንት ሳምንት ብቆይ አልጎዳም?
– ከሕክምናዬ በእንክብል ሊተካ ወይም ዙሩ ሊራራቅ የሚችል አለ?
– የነጭ የደም ሕዋሴን ከፍ የሚያደርግ መርፌ ያስፈልገኛል?
– ከቀጠሮዎቼ መካከል ክትትል ብቻ የሆነው በስልክ ሊሆን ይችላል?
– ሌሊት ትኩሳት ቢመጣ የት ልሂድ? ማንን ልጥራ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር። ምክንያቱን በደረጃ 3 ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 2፦ አንድ ፋይል፣ አንድ ቦታ

በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የሚሰቀል የፕላስቲክ ፋይል አዘጋጁ። ወረርሽኝ ሲበረታ የተለመደው ክፍል ሊዛወር፣ የምታውቁት ሐኪም ወደ ሌላ ግዳጅ ሊላክ፣ እናንተም ወደማታውቁት ሆስፒታል ልትደርሱ ትችላላችሁ። ሰው ሲቀየር ወረቀቱ ይናገር።

በውስጡ የሚያስፈልገው፦ የፓቶሎጂ (የናሙና ሥጋ ምርመራ) ውጤት፣ የመጨረሻው የሲቲ ስካን ወይም የአልትራሳውንድ ጽሑፍ፣ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራዎች፣ ሪፈር ወረቀት፣ የጤና መድን ካርድ (የማደሻው ቀን እንዳያልፍ)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ገጽ ማጠቃለያ። በዚያ ገጽ ላይ የካንሰሩን ዓይነትና ደረጃ፣ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶቹን ስም፣ ስንተኛው ዙር እንደሆነ፣ የመጨረሻው ኬሞ የተሰጠበትን ቀን፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ካለ ስሙን፣ የማይስማማ መድኃኒት ካለም እርሱን ጻፉ። የመድኃኒቱን ስም ስትጽፉ የፋብሪካ መጠሪያውን ሳይሆን በሣጥኑ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን መሠረታዊ ስም ውሰዱ። አንዱ ፋብሪካ ሲጠፋ የሌላውን ለመፈለግ የሚረዳው እርሱ ነው። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሡና ለሁለት ሰው ላኩ፤ አንዱ ከቤት ውጭ የሚኖር ይሁን።

የባዮፕሲው ናሙና፣ ማለትም በሰም የተያዘው ሥጋና መስተዋቱ፣ በየትኛው ላብራቶሪ እንዳለ ማወቅም ይጠቅማል። ሌላ ሐኪም ድጋሚ እንዲታይ ቢፈልግ እንደገና ከመወጋት ያድናል።

ደረጃ 3፦ ትኩሳት፣ በሌሊትም ቢሆን

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ስለሚመታ በመቅኒ ውስጥ ደም የሚሠሩትንም ይመታል። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ባክቴሪያን ቀድመው የሚገጥሙት ኒውትሮፊል ይባላሉ። ቁጥራቸው ኬሞው ከተሰጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከሁሉ ዝቅ ይላል። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲወርዱ፣ ጤነኛ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ደምን ሊመርዝ ይችላል። መግልም እብጠትም ላይታይ ይችላል፤ መግሉን የሚሠሩት እነዚያው የጠፉት ሕዋሳት ናቸውና። የሚቀረው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው።

እናቴ ኬሞ በወሰደች በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ አለች። አክስቴ በቅንነት ሁለት ፓራሲታሞል ሰጠቻት፣ ጋቢ ደረበችላት፤ ትኩሳቱ ወረደ፣ ሁላችንም ተመስገን ብለን ተኛን። ሲነጋ ከንፈሯ ደርቆ፣ ስሟን ስንጠራት ዘግይታ ነበር የምትመልሰው። ሆስፒታል ስንደርስ ኒውትሮፊሏ 200 ነበር። ፓራሲታሞሉ በሽታውን ሳይነካ ምልክቱን ደብቆብን ስድስት ሰዓት በላብን።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

ዲጂታል ትኩሳት መለኪያ ግዙ፤ በእጅ ግንባር መንካት አይበቃም። ከኬሞው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ጠዋትና ማታ ለኩ፣ ሰውነት ሲከብድ ወይም ብርድ ብርድ ሲል ደግሞ ወዲያው። በምላስ ሥር ወይም በብብት ይለካ፤ በፊንጢጣ አይለካ፣ የቆሰለ ሥጋ ለባክቴሪያ በር ይከፍታልና። በብብት የሚለካው ከእውነተኛው ትንሽ ዝቅ እንደሚል አስታውሱ።

አንድ ጊዜ 38.3 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሂዱ። እስኪነጋ አትጠብቁ። ፓራሲታሞል ወይም ሌላ የትኩሳት ማስታገሻ ሐኪም ሳያዝ አትስጡ። ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ ታካሚ ትኩሳት ላያሳይ ስለሚችል ብርድ ማንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ ድካም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

በወረርሽኝ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ትኩሳት ያለበት ሰው በር ላይ ሲደርስ ሁሉም ኮቪድ ነው ብሎ ያስባል፤ ታካሚው ወደ መለያ ቦታ ይላካል፣ የናሙና ውጤት ይጠበቃል፣ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ግማሽ ቀን ይሄዳል። የሕክምና መመሪያዎች ግን አንቲባዮቲኩ ታካሚው በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ያዛሉ። በሩ ላይ እንደደረሳችሁ፣ ከሰላምታ በፊት ማለት ይቻላል፣ ይህን ተናገሩ፦ «የካንሰር ታካሚ ናት። ኬሞ ከወሰደች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ትኩሳቷ 38.6 ነው።» የፋይሉን አንድ ገጽ ስጡ። የኮቪድ ምርመራው ይደረግ፣ አንቲባዮቲኩ ግን ውጤቱን አይጠብቅ። በትሕትና ግን ደጋግማችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ አይከፋውም፤ ከተከፋም ይከፋው።

ደረጃ 4፦ ቤቱን ሳትዘጉ ጠብቁት

እኛ አገር የታመመን አለመጠየቅ ነውር ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ እጅ ይስማል፣ ሙዝና ብርቱካን ያመጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ይህን ልማድ የሚከለክል ልጅ «እናቷን ከሰው ለየቻት» ይባላል። እኔም ተብያለሁ። መፍትሔ የሆነን ሦስት ነገር ነበር።

አንደኛ፣ ቃሉን ከእኛ አፍ አወጣነው። የእድሩ ዳኛ ለሰዉ እንዲነግሩልን ለመንናቸው፤ «ሐኪም ከልክሏልና ጥየቃው በስልክና በበር ይሁን» አሉ። ከዚያ በኋላ የተቀየመ አልነበረም። ሁለተኛ፣ በረንዳው ላይ ሁለት ዱካ አስቀመጥን፤ እናቴ በመስኮቱ ከውስጥ፣ ጠያቂው ከውጭ ሆነው ያወራሉ። ሦስተኛ፣ ስልክ የሚያነሣው አንድ ሰው፣ ወንድሜ፣ ሆነ። ታካሚ ቀኑን ሙሉ ስለ ሕመሟ እየደጋገመች እንድትናገር መገደድ የለባትም።

ጉርሻው ከባድ ነበር። እናቴ ካላጎረሰች የበላች አይመስላትም። እንዲህ ተስማማን፦ ወጡ ከድስት እንደወጣ፣ ማንም እጁን ሳያስገባ፣ የእርሷ ድርሻ በራሷ ሳህን ይቀርባል፤ ሌላው በትሪው ይበላል፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል፣ መስኮቱ ተከፍቶ። የቀረው ጉርሻው ብቻ ነው፣ አብሮ መብላቱ አልቀረም። ቡናውም እንዲሁ የራሷ ስኒ ነበራት፤ የእጣኑን ጢስ ግን ለሚያስላቸው ታካሚዎች ባይኖር ይሻላል።

ከቤት ወጥቶ የሚሠራ ሰው ሲገባ ጫማውን ደጅ ያውልቅ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ልብሱን ይቀይር። ሳል ወይም ጉንፋን የያዘው ከታካሚዋ ክፍል ይራቅ፤ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ሁለቱም ማስክ ያድርጉ፣ መስኮትና በር ክፍት ይሁን፣ መኝታው ራስ ለእግር ይሁን። በጋራ መጸዳጃ ለሚጠቀሙ ደግሞ የበሩን እጀታ በበረኪና ውሃ መጥረግ ይጠቅማል። ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ሽንትና ትውከት መድኃኒቱን ይዞ ስለሚወጣ የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ።

ለቅሶና ሰርግ? ታካሚዋ አትሂድ፣ ግን አትቅር፦ በስልክ ትድረስ፣ ከቤት ሌላ ሰው በስሟ ይሂድ። ጸበልም ቢሆን በእምነት የሚያጽናና ስለሆነ አይከልከል። ሰው ከሚበዛበት ሰዓት ውጭ መሄድ ወይም ወደ ቤት ማምጣት ይቻላል፤ የሚጠጣ ከሆነ ፈልቶ ይቀዝቅዝ።

ደረጃ 5፦ ምግብና የቤት ውስጥ መድኃኒት

ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ ባለበት ጊዜ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የተሠራ እርጎ ወይም አይብ ይቅር። ክትፎው በደንብ ይብሰል፣ ወተቱ ይፍላ። ሰላጣው ካልቀረ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ። ክብደት እየቀነሰ ያለ ታካሚ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ያማክር።

በ2012 ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ኮሮናን ይከላከላሉ ተብሎ በየገበያው ተሻምተንባቸው ነበር። በወጥ ውስጥ ባለው ልክ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ዝቅ ያለ ሰው በባዶ ሆዱ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ቢውጥ የመድማት ዕድሉን ሊጨምር ይችላል፤ በኬሞ የቆሰለ አፍና ጨጓራም ፌጦን አይችልም። በጠርሙስ የሚሸጡ፣ በውስጣቸው ምን እንዳለ የማይታወቁ ቅጠላ ቅጠሎች የኬሞውን መድኃኒት በጉበት ውስጥ ሊያውኩት ይችላሉ። ወስዳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ደብቃችሁ አትለፉ።

ደረጃ 6፦ መድኃኒት ሳያልቅ

ድንበር ሲዘጋና በረራ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጠፋው ከውጭ የሚመጣው ነው። ብዙዎቻችን አንዳንዱን መድኃኒት ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ እናስመጣለን፤ ሻንጣው በማይመጣበት ወር ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ አስቡ። እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ሐኪሙ የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲያዝላችሁ ጠይቁ፤ በወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በደስታ ያደርጉታል። የእጃችሁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ። ቅዝቃዜ የሚፈልጉ መርፌዎች፣ ለምሳሌ ትራስቱዙማብ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው፤ የመብራት መቆራረጥ ባለበት ሰፈር መድኃኒቱ እስኪሰጥ መድኃኒት ቤቱ ያቆይላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ካጣችሁ ግማሽ እየቆረጣችሁ አታብቃቁ። ለሐኪሙ ንገሩት፣ ምትክ ሊኖር ይችላል።

የሕመም ማስታገሻ ሞርፊንም በዚሁ ይካተት፤ ሰው ስለ ኬሞው ሲጨነቅ እርሱን ይረሳና ታካሚው ሌሊቱን በሥቃይ ያነጋል።

ደረጃ 7፦ መንገዱና የሆስፒታሉ ቀን

በ2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲወጣ ታክሲዎች ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ታዘዙ፣ በአንዳንድ ክልሎችም የሕዝብ ማመላለሻ ጭራሽ ቆመ። ከእናቴ አጠገብ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሴቶች አንዷ ከቤቷ ወጥታ መመለሻ አጥታ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ቀርታ ነበር። ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ ለኬሞው ቀን ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የት እንደምታርፉ አስቡ፤ አደገኛው ትኩሳት የሚመጣው ያኔ ነውና። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አለው፤ ለታመሙ ሕፃናትና ወላጆቻቸው ደግሞ ተስፋ አዲስ አለ። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ቦታ መኖሩን አረጋግጡ። የቀጠሮ ካርዱን ወይም ሪፈሩን በኪሳችሁ ያዙ፣ ኬላ ላይ የሚያሳልፋችሁ እርሱ ነው።

የደም ምርመራውን ከተቻለ ቤታችሁ አጠገብ ባለ ላብራቶሪ ከአንድ ቀን በፊት አሠሩ፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ኬሞው የማይሰጥ ከሆነ መንገዱን በከንቱ አትሄዱም። አስታማሚ አንድ ብቻ ይሂድ። ውሃና ምግብ ከቤት ይያዝ። ተራ እስኪደርስ ደጅ፣ ጥላ ሥር ጠብቁ፤ አየሩ ከታፈነው መጠበቂያ ክፍል ይልቅ ግቢው ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ጨረር ከተጀመረ አይቋረጥም

ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ተራው ምን ያህል እንደሚረዝም የጠበቀ ያውቀዋል። ያን ያህል ተጠብቆ የተገኘ ተራ በፍርሃት መሀል ላይ ሲቆም ያሳዝነኛል፣ ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ለማኅፀን በር ካንሰር የሚሰጠው ጨረር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስምንት ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ሲንዛዛ ዕጢው በመሀል ያገግማል። ሳል ቢጀምራችሁም ዝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ደውሉ። ማሽኑን ለእናንተ የቀኑ የመጨረሻ ተራ አድርገው ከዚያ ሊያጸዱት ይችላሉ።

ከወረርሽኙ የተረፈ አንድ መልካም ነገርም እዚህ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ከ4,000 በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የተከተለ ፋስት ፎርዋርድ የተባለ የብሪታንያ ጥናት፣ በሦስት ሳምንት በ15 ጊዜ የሚሰጠውን ጨረር በአንድ ሳምንት በ5 ጊዜ መስጠት ካንሰሩ እንዳይመለስ በመከላከል ረገድ እንደማያንስ አሳየ። ጥናቱ ለኮቪድ ተብሎ የተጀመረ አልነበረም፤ የታካሚን ምልልስ መቀነስ ባስፈለገበት ወር ግን ደረሰ፣ ብዙ ማዕከሎችም ወዲያው ተቀበሉት። ለሁሉም አይሆንም፤ «አጭሩ ለእኔ ይሆናል?» ብላችሁ ግን ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ክትባት

የኮቪድ ክትባት በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ለካንሰር ታካሚ የሚከለከሉት ሕያው ጀርም ያለባቸው ክትባቶች ናቸው፤ የኮቪድ ክትባቶች ከእነዚህ አይደሉም። የሚያሳስበው ክትባቱ መጉዳቱ ሳይሆን በቂ መከላከያ አለመፍጠሩ ነው፤ በተለይ የደም ካንሰር ያለባቸውና ሪቱክሲማብ የሚወስዱ ታካሚዎች ሰውነታቸው ደካማ መልስ ስለሚሰጥ ተጨማሪ መጠን ይመከርላቸዋል። በዚህም የተነሣ የቤተሰቡ ሁሉ መከተብ ለታካሚው አጥር ነው።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ከክትባት በኋላ በተወጋው ክንድ ብብት ያለ ንፍፊት ሊያብጥ ይችላል፣ በማሞግራምም ሆነ በሲቲ ስካን ላይ ካንሰር መስሎ ያስደነግጣል። የእናቴ ካንሰር በግራ ጡቷ ስለነበር ክትባቱን በቀኝ ክንዷ ወሰደች። ምርመራ ካላችሁ መቼና በየትኛው ክንድ እንደተከተባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ደረጃ 10፦ በሽታው ቢይዝስ?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ካንሰርና ኮቪድ በአንድነት የያዟቸውን 928 ሰዎች የተመለከተ ጥናት በ30 ቀን ውስጥ 13 በመቶው መሞታቸውን ዘገበ። ከባድ ቁጥር ነው። ነገር ግን አደጋውን ያባባሱት ዕድሜ፣ ተጓዳኝ ሕመም፣ አቅም ማጣትና እየባሰ ያለ ካንሰር ነበሩ፤ በቅርብ ኬሞ መውሰድ ብቻውን አደጋውን እንደጨመረ አላሳየም። በብሪታንያ 800 ታካሚዎችን ያየው ጥናትም ስለ ኬሞው ተመሳሳይ ነገር አገኘ። «ኬሞ ላይ ያለ ሰው ኮሮና ከያዘው አለቀለት» እየተባለ የተወራው፣ እኛንም ያን አምስት ሳምንት ቤት ያስቀረን ወሬ፣ መሠረት አልነበረውም።

ከተያዛችሁ ለሁለቱም ወገን ንገሩ፤ ለካንሰር ሐኪሙ ኮቪድ መያዛችሁን፣ ለኮቪድ ሐኪሙ ኬሞ ላይ መሆናችሁን። የደም ሕዋስን ቁጥር የሚያወርድ ኬሞ ብዙውን ጊዜ እስክታገግሙ ይቆማል፤ መቼ እንደሚቀጥል ቀን አስቆርጡ። የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ቫይረሱን ረዘም ላለ ጊዜ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ ከቤተሰብ ተለይቶ መቆየቱ ሊረዝም ይችላል። ዴክሳሜታዞንን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ ሪከቨሪ የተባለው ጥናት በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ያሳየው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው እንደሚጠቅም ነው፣ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅም አላገኘበትም።

ደረጃ 11፦ በጥናት ውስጥ ላላችሁ

አዲስ መድኃኒት በሚሞከርበት ጥናት የገባ ታካሚ በወረርሽኝ ጊዜ ሁለት ስጋት አለበት፦ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ክትትሉም ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ ታካሚ መመዝገብ ያቆሙ ጥናቶች ብዙ ነበሩ፤ ውስጥ የነበሩት ግን በአብዛኛው እንዲቀጥሉ ተደረገ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ባወጣው መመሪያ የስልክ ክትትልን፣ ቤት ድረስ የሚላክ መድኃኒትን፣ በቅርብ ላብራቶሪ የሚሠራ ምርመራን ፈቀደ። ከዚህ የምትወስዱት፦ የጥናቱን አስተባባሪ ስልክ በፋይሉ ላይ ጻፉ፣ ያመለጠ ቀጠሮም ሆነ ያልተዋጠ እንክብል አትደብቁ፣ ኮቪድ ከያዛችሁ በዚያው ቀን አሳውቁ። ከጥናቱ መውጣት ብትፈልጉ መብታችሁ ነው፤ መደበኛ ሕክምናችሁ በዚህ አይቋረጥም።

ደረጃ 12፦ ገና ላልተመረመሩት

በወረርሽኝ ጊዜ በጸጥታ የሚጎዱት ካንሰር እንዳለባቸው የማያውቁት ናቸው። የማያም ጡት ላይ ያለ እብጠት፣ ካረጡ በኋላ ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም፣ ሰገራ ላይ ያለ ደም፣ እንጀራ ሲዋጥ መተናነቅ፣ ምክንያት የሌለው መክሳት፤ እነዚህ ወረርሽኙ እስኪያልፍ አይጠብቁም። በተለይ የጉሮሮ (የምግብ ቧንቧ) ካንሰር በሚበዛበት በአርሲና በባሌ ያላችሁ፣ «ምግብ አልወርድ አለኝ» የሚል አባት ካለ ዛሬ ውሰዱት።

የቅድመ ምርመራው ግን ለጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል። የዘገየውን ጻፉትና ነገሩ ጋብ ሲል አሟሉት፦ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማኅፀን በር ምርመራ፣ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረውና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙዎች ያመለጣቸው፣ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት። ያን ሌሊት ፓራሲታሞል የሰጠችው አክስቴ 46 ዓመቷ ነበር፣ ተመርምራም አታውቅም። በኅዳር 2013 ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ውጤቱን በዚያው ነገሯት፣ የቀጠሮ ካርዷን በእናቴ ፋይል ጀርባ አስቀመጠችው።